ጎሕ ሲቀድ የመጡ ደንበኞች

አስማረ ሰቆጣ ውስጥ የማይደርሰው ለቅሶ አልነበረም። ሟቹን ያውቀው አያውቀው፣ ጡሩንባ ሲነፋ ፎቶ ቤቱን ይዘጋል፣ ጋቢውን ይደርባል፣ ቀባሪ መሐል ገብቶ አስከሬን ይሸከማል። ደግነት እንዳይመስላችሁ፤ ንግድ ነው።

የእንጨት ካሜራውንና ባለሦስት እግር መቆሚያውን በበቅሎ ጭኖ ከደሴ ሲመጣ፣ ፎቶ ቤት የሌለበት ከተማ አገኘሁ ብሎ ደስ ብሎት ነበር። ፎቶ ቤት የሌለው ፎቶ የሚፈልግ ስለሌለ መሆኑን የተረዳው ቤት ተከራይቶ፣ መጋረጃ ሰቅሎ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ሰቆጣዎች ካሜራውን አልፈሩትም። ብቻ ጥቅሙ አልገባቸውም።

"እዚሁ አለሁ አይደል? ማን ረስቶኝ ነው?" አሉት የመድኃኔ ዓለም ማኅበር ሙሴ፣ የማኅበሩ መሪ የሆኑት አያ ይግዛው። "ገበያ ታየኛለህ፣ ቤተ ክርስቲያን ታየኛለህ። ከዚህ በላይ መልኬን ምን ታደርገዋለህ?"

ምክር የለገሱት ቤት ያከራዩት ወይዘሮ ማንጠግቦሽ ናቸው። "ሰዉ ሳያውቅህ ፊቱን እንዴት ይስጥህ? ለቅሶ ድረስ። የታመመ ጠይቅ። ማኅበር ግባ።"

አስማረም ምክሩን እንደ ኮሶ ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠው። ማኅበር ገባ፤ ተራው ሲደርስ ጠላ አስጠምቆ ደገሰ። የኻምጣንጋ ሰላምታ ተምሮ ከገጠር ለገበያ የሚወጡትን በቋንቋቸው ይቀበል ጀመር። እነሱም ባነጋገሩ ይስቃሉ፤ ስቀው ያልፋሉ። ካሜራው ፊት የሚቀመጥ ግን የለም።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለእናቱ ነበር። እናቱ ወለተ ገብርኤል ደሴ ከወንድማቸው ቤት ማጀት ተጠግተው፣ የወንድማቸውን ሚስት ፊት እያዩ ነበር የሚበሉት። ሲሰናበታቸው "ሥራው ይቃናልኝ እንጂ አስመጣሻለሁ፣ እማዬ" አላቸው። እሳቸውም "ሰው ቤት ማርጀት ክፉ ነው፣ አትርሳኝ" አሉት። ሰቆጣ ላይ "ማን አለህ?" ብሎ ለጠየቀው ሁሉ የሚመልሰው ስለ እሳቸው ነበርና ከተማው ሳያያቸው ስማቸውን ለመደው።

መጀመሪያ ሰሞን የሰው ኀዘን ይነካው ነበር። እየዋለ እያደረ ግን፣ አጣጥፈው ሲቀመጡበት እግር እንደሚደነዝዘው፣ ደረቱ ደነዘዘ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ አስማረ ያለ ልብም እንደማይገድ ደረሰበት። አያ ይግዛው ወንድ ልጃቸውን ተስፋውን የቀበሩ ዕለት እንኳ፣ እንባው በጉንጩ እየወረደ በሆዱ የሚያስበው ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ማን ፎቶ ይነሣ ይሆን እያለ ነበር። ይህን በማሰቡ አላፈረም። ምንም አልተሰማውም።

አንድ የጥቅምት ማለዳ፣ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፍቶ ቢያይ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አያ ይግዛው ከፊት ቆመዋል፤ ቄስ ገብረ ጻድቅ መስቀላቸውን ይዘዋል፤ ወይዘሮ ማንጠግቦሽና ማኅበርተኛው በሙሉ ነጭ በነጭ ለብሰው ከኋላ ናቸው።

"እንደምን አደርክ፣ አስማረ" አሉ አያ ይግዛው ዝቅ ባለ ድምፅ።

"እግዚአብሔር ይመስገን! መጣችሁልኝ?"

"መጣን" አሉ።

ያገራችን ሰው በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ ሰው ቤት የሚመጣው ለምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። አስማረም ያውቃል፤ ስንቱን መርዶ ሊያረዱ ሲሄዱ አብሮ ሄዷል። ወለተ ገብርኤል ማረፋቸውን ዋዜማውን ከኮረም የገባ ነጋዴ ለአያ ይግዛው ነግሮ፣ ወሬው እንደ ወጉ እስኪነጋ ተደብቆ ነው ያደረው። ግን ሰው የሌላውን መርዶ እንጂ የራሱን መች ያውቃል? አስማረ ያየው ደንበኛ ነው።

"ማኅበርተኛው ባንድ ላይ! ጥሩ አስባችኋል" አለና አግዳሚውን እየጎተተ ያወጣ ጀመር። ቄሱን መሐል አስቀመጠ፣ አያ ይግዛውን ከጎናቸው፣ ሴቶቹን ከኋላ አቆመ። "ብርሃኑ ገና ነው፤ ትንሽ ሳትነቃነቁ ትቆዩልኛላችሁ።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም። "ተው" የሚል ጠፋ፤ የተቀመጠው ተቀመጠ፣ የቆመው ቆመ። ወይዘሮ ማንጠግቦሽ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ።

"አፍዎን ይግለጡት፣ እትዬ።"

ገለጡት።

"እንግዲህ እማዬን ማስመጣት ነው" አለ አስማረ ካሜራውን እየተከለ። "ለገና እዚህ ናት።"

አያ ይግዛው አቀረቀሩ።

"ቀና ይበሉ፣ አያ ይግዛው።"

ቀና አሉ።

ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ በመስታወቱ አያቸው፤ ካሜራው እንደሚያሳየው ሁሉም ቁልቁል ተዘቅዝቀው ነበር። እንደዚህ ጸጥ ያለ ሰው አንሥቶ አያውቅም። የቄሱ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀሳል፤ ይጸልያሉ። ከኋላ የቆሙት ሴቶች ፊት ረጥቧል። ፎቶ ሊነሣ የመጣ ሰው ለምን ያለቅሳል ብሎ ራሱን ጠየቀ፣ ራሱም መለሰ። ገባው።

ከጨርቁ ሥር ግን አልወጣም። ካልወጣ አልተነገረውም። ውጭ ያሉትም አትነቃነቁ ተብለዋልና አልተነቃነቁም። ፀሐይ ከጋራው ብቅ ስትል እሱ እንደ ጎበጠ፣ እነሱም እንደ ተደረደሩ ነበሩ።

በመጨረሻ አያ ይግዛው ተነሥተው መጡና የጨርቁን ጫፍ ገለጥ አደረጉት። "በቃ ውጣ፣ ልጄ" አሉ። "እናትህ ዐርፋለች።"

ግቢው ባንድ ጊዜ ጮኸ። አስማረ ቀጥ ብሎ ቆመ። እንባው እንዲመጣ ጠበቀው፤ አልመጣም። ለማያውቀው ሁሉ ሲመጣ የኖረ እንባ ለእናቱ ጠፋ፤ እንደዚያ ቀን ራሱን ፈርቶ አያውቅም። በሰው ለቅሶ ላይ እንደለመደው ደረቱን ሊደቃ እጁን ሲያነሣ አያ ይግዛው ያዙት።

"ተው" አሉት። "የእኛን ስታለቅስ እንጀራ ፍለጋ መሆኑን መች አጣነው? ቢሆንም መጥተሃል። የተስፋውን አስከሬን በትከሻህ ተሸክመሃል። ዛሬ አንተ ዝም በል፣ እኛ እናለቅሳለን።"

"እናቴን እኮ ማናችሁም አታውቋትም" አለ አስማረ።

"አናውቃትም" አሉ አያ ይግዛው እንባቸውን ሳይጠርጉ። "እስቲ ንገረን።"

ሰዉ ጸጥ አለለት።

"ቀይ ናት" አለ። "አጭር ናት። ስትስቅ... አፏን በእጇ ትሸፍናለች።"

ከዚያ ወዲያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሴቶቹም የነገራቸውን ያህል ይዘው ሙሾውን ጀመሩ።