ከዜሮ በታች ሦስት

አባይነህ መካኒሳ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ዘበኛ ከሆነ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ንባብ ባይሆንለትም ቁጥር ያውቃል። ነርሷ ተናኘወርቅ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ስትሄድ የክትባቱን ፍሪጅ አደራ ያለችው እሱን ነበር።

«ጋሽ አባይነህ፣ በሩ ላይ ያለው ቁጥር ከሁለት እስከ ስምንት ከሆነ ሰላም ነው። ከዚያ ከወጣ ይደውሉልኝ።»

ቅዳሜ አምስት ይል ነበር። እሑድ ጠዋት ሲያየው ሦስት ሆኗል። ከሦስቱ ፊት አንዲት አጭር ጭረት አለች፤ ቆሻሻ መስላው በእጅጌው ጠረጋት፤ አልለቅ ስትለው ተዋት። ሲስተር ስትደውልም፣ «ሦስት ላይ ነው፤ አታስቢ» አላት።

ሰኞ እናቶች ሕፃኖቻቸውን ታቅፈው አግዳሚውን ሞሉት። ተናኘወርቅ ፍሪጁን ከፍታ አንዱን ብልቃጥ ገለበጠችው። ውስጡ ያለው አልተንቀሳቀሰም፤ በረዶ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ሦስት ነው አላሉኝም?»

«ሦስት ነው እንጂ! ይኸው፣ እዪው!»

«ይቺን ሰረዝስ? ከዜሮ በታች ማለት እኮ ናት።»

አባይነህ ግራ ገባው። «ዜሮ ምንም ማለት አይደለም እንዴ? ከምንም በታች ደግሞ ምን አለ?»

ካርቶን ላይ ከላይ ወደ ታች መስመር አሰመረችለት። መሃሉ ላይ ዜሮ ጻፈች፤ ወደ ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ ወደ ታችም እነዚያኑ ቁጥሮች፣ ሰረዝ ሰረዝ እያስቀደመች። «ዜሮ ላይ ውሃ ይረጋል፤ ብርዱ ግን እዚያ አይቆምም፣ ይወርዳል። የእኛ ሦስት እዚህ ላይ ነው፤ እርስዎ ያዩት እዚያ ታች። በመሃላቸው ስድስት አለ።»

ወዲያው ገባው። እንዲህ በቀላሉ የሚገባ ነገር መሆኑ አንጀቱን አሳረረው።

«ፀሐይ ላይ ብናወጣውስ?»

«አንዴ በረዶ ከሆነ አለቀ፣ ጋሼ። ቢቀልጥም አይሠራም።»

ደውላ ጠየቀች፤ ሌላ ክትባት ምናልባት ሐሙስ ይመጣል አሏት። እናቶቹ እያጉረመረሙ ወጡ። ሁለት ታክሲ ይዛ ከሀይሌ ጋርመንት የመጣችው ሴና በሩ ላይ ቆመች። የሁለት ወር ልጇ ያለቅሳል።

«አባባ፣ ሐሙስ ብመጣ በእርግጥ አገኛለሁ?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።» ከዚያ አላስችል አለው። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩን አሳስቼ አንብቤ ነው።»

የደንብ ልብሱን አየችና ራሷን ነቀነቀች። «አይ አባባ! እርስዎ ዘበኛ ነዎት፤ ምን ያድርጉ?»

ሊያስረዳት አፉን ከፈተ። እሷ ግን ልጇን በነጠላዋ ሸፍና ወደ አስፋልቱ እያቀናች ነበር። ከኋላዋ ሌላ እናት ልትወጣ ስለመጣች በሩን ከፈተላት።