የአምስት ካውያ ስሌት

እንግዲያውስ የአንዱ ካውያ ተቃውሞ አርባ አራት ነው፣ አርባ አራት ሲደመር አርባ አራት፣ አምስት ካውያ ነውና አምስት ጊዜ፣ ሁለት መቶ ሃያ ኦም፣ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት ለሁለት መቶ ሃያ ሲካፈል አንድ፣ አንድ አምፒር ብቻ፣ መምህሩ እርሳሱን ያስቀምጣሉ፣ አያስቀምጡም፣ ከእጃቸው ይወድቃል፣ አንድ አምፒር፣ መጽሐፉ ደግሞ በዚያ ግድግዳ ውስጥ ያለፈው ዓይነት ሽቦ አሥራ ስድስት ይችላል ይላል፣ አሥራ ስድስት የሚሸከም ትከሻ ከአንድ በታች አይሰበርም፣ ልጄ ንጹሕ ነው።

ንጹሕ ነው።

ዕድሜ ልኩን ሰዋስው ያስተማረ ሰው በስተርጅና ቮልት ሲቆጥር ማየት ያስቃል፣ ያስቅ ነበር፣ ሳቅ የቀረው ልብስ ማጠቢያ ቤቱ የነደደ ዕለት ነው፣ ልብስ ተኳሿ ከውስጥ ቀረች፣ በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት፣ ከኋላው አንሶላ የተከመረበት፣ ይህን ተወው፣ አሁን ይህን አታስብ። ሽቦውን የዘረጋው የእኔ ልጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ከጓዳ አልወጣም፣ መርማሪዎቹ አመዱን በከረጢት ይዘው ከሄዱ ወዲህ ትንፍሽ አላሉም፣ የልጅቱ እናት ግን በቀደም መጥተው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ መምህር፣ አንዱ የማጠቢያ ቤቱ ጌታ ስስት ነው ይለኛል፣ አንዱ የልጅዎ እጅ ነው ይለኛል፣ አንዱ ዕጣዋ ነው ብሎኝ ይሄዳል፣ እርስዎ አጥርተው ይንገሩኝ፣ እርስዎ ያሉኝን አምኜ አርፋለሁ። መምህሩ ልጄ አላጠፋም ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፣ የወጣው ግን ሌላ ነው፣ አላውቀውም፣ ተምሬ እነግርዎታለሁ። ለሐዘንተኛ ተምሬ እነግርዎታለሁ ይባላል? ተባለ። ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ።

መጽሐፉ ልጁ ሙያ የተማረበት ነው፣ ገጾቹ ግራሶ ጠጥተዋል። ተከታታይ ማለት መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ እንደ ወረፋ፣ የፊተኛው ካልሄደ የኋለኛው አይሄድም፣ ተቃውሞው እየተደመረ ይበዛል፣ ይህ ወዲያው ገባኝ፣ ዕድሜም እንደዚሁ ነው። ጎንዮሽ ማለት ግን መንገዱ ብዙ ነው፣ ለእያንዳንዱ የራሱ በር፣ እና ካውያ በጨመርክ ቁጥር ጠቅላላው ተቃውሞ ያንሳል። ሲጨመር ያንሳል! ይህ ምን ዓይነት አማርኛ ነው፣ ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢጽፍልኝ በቀይ እሰርዘው ነበር፣ እዚህ ላይ ስንት ቀን ተደናቀፍኩ፣ ስንቱን ወረቀት ቀደድኩ፣ ደግነቱ ለእኛ ጉዳይ አያስፈልግም፣ የእኛው ተከታታይ ነው፣ ልጁ በአፉ ነግሮኛል፣ አምስቱን በተርታ ነው ያደረግኳቸው አባባ፣ ብሎኛል፣ ተርታ ማለት ሰልፍ፣ ሰልፍ ማለት ተከታትሎ መቆም፣ ተከታታይ።

መጽሐፉን ሊዘጉ ነው፣ ዓይናቸው የምዕራፉ መጨረሻ ላይ ይወድቃል፣ በተከታታይ ዑደት አንዱ መሣሪያ ሲነቀል ሁሉም ይጠፋሉ። ሁሉም? ዝጋው፣ መጽሐፉን ዝጋው አንተ ሽማግሌ፣ መልሱን አግኝተሃል።

አይዘጉትም።

አንተ፣ ይላሉ ወደ ጓዳው፣ አቤት አባባ፣ ተኝተሃል እንዴ፣ ኧረ ምን እንቅልፍ አለ፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ፣ ፈተና ነው? መኮረጅ ከተፈቀደ እገባለሁ፣ በድምፁ ውስጥ የድሮው ቀልድ ጭራ አለ፣ ልባቸው ትላወሳለች፣ ከካውያዎቹ አንዱ ሲነቀል ሌሎቹ ይጠፉ ነበር? ምን ሲደረግ አባባ፣ እያንዳንዱ በራሱ ነው፣ አንዱ ቢነቀል ሌላው ምን አገባው። በተርታ ነበሩ አላልከኝም? ጠረጴዛው ላይ ነዋ፣ ጠረጴዛው ላይ በተርታ።

ጠረጴዛው ላይ።

ስንት ዓመት ቃል ሳስተምር ኖሬ በአንዲት ቃል ተንጠልጥዬ፣ እሱ የጠረጴዛውን ተርታ ይነግረኛል፣ እኔ የሽቦውን እሰማለሁ፣ መስማት የፈለግኩትን፣ እርሳሱ የት ገባ፣ ከወንበሩ ሥር፣ ወገቤን፣ ጎንዮሽ ከሆነ አርባ አራት ለአምስት ሲካፈል ስምንት ነጥብ ስምንት፣ ሁለት መቶ ሃያን ለዚያ፣ ሃያ አምስት። ተሳስቻለሁ፣ በሌላ መንገድ ልሞክረው፣ አንዱ ካውያ ለብቻው አምስት አምፒር ይስባል፣ ሦስቱ አሥራ አምስት፣ ሦስት በነበሩ ጊዜ ደህና ነበር፣ አራተኛው፣ አምስተኛው፣ ሃያ አምስት። ከየትም ብመጣ ሃያ አምስት፣ በአሥራ ስድስት ሽቦ ላይ። ቆይ፣ ቆይ፣ ከቆጣሪው ሥር ማቋረጫ አለ፣ ብሬከር የሚሉት፣ ሲበዛበት ራሱ ያጠፋል፣ ታዲያ ለምን አላጠፋም፣ ጥፋቱ የብሬከሩ ነው፣ የፋብሪካው ነው፣ ተመስገን፣ አንተ፣ ብሬከሩ ለምን አላጠፋም?

ልጁ ወጥቶ የጓዳው ደፍ ላይ ይቆማል፣ ጢሙ አድጓል፣ ከስቷል፣ ያጠፋ ነበር አባባ፣ በየሰዓቱ ነበር የሚያጠፋው፣ ጌትየው ይሰድበኛል፣ ሴቶቹ ይስቁብኛል፣ ከውስጥ የቀረችው እሷ ደግሞ ትብሳለች፣ መብረቅ ነበር የምትለኝ፣ አንተ መብረቅ፣ ስምህን አስመልስ፣ አምስት ካውያ ማቆየት ያቃተው መብረቅ የትም አይቼ አላውቅ፣ እንዲህ ትለኝ ነበር፣ እኔም ብሬከሩን በትልቁ ቀየርኩት፣ ሠላሳ ሁለት በሚለው። ሽቦውን ሳትቀይር? ሽቦውን ሳልቀይር፣ በማግስቱ ልቀይረው ነበር።

ነበር ባይሰበር፣ ይላል በውስጣቸው አንድ ክፉ ድምፅ፣ ተረቱን በዚች ሰዓት ይጠሉታል። እያወቅህ፣ ይላሉ፣ ያን ሁሉ ስማር እያየህ፣ አንድ አምፒር ሲሉ ሰማሁ አባባ፣ ይላል ልጁ፣ እስትንፋስዎ ሲመለስ ሰማሁ፣ አፌን ምን ብዬ ልክፈተው።

በሩ ይንኳኳል። ቀስ ብሎ፣ እንደ ባለ ዕዳ፣ ዕዳው የእኛ ሆኖ ሳለ።

እናትየዋ ይገባሉ፣ ነጠላ ጫማቸውን ደፉ ላይ ያራግፋሉ፣ ልጁን ያዩታል፣ ደህና ዋልክ ልጄ ይሉታል፣ ልጄ፣ ይቀመጣሉ፣ ተማሩት መምህር? ተማርኩት። ከበደዎት? አዎ፣ ከብዶኝ ነበር። አሁን ምን ይባላል፣ መምህሩ ለመንደሩ ሁሉ ሲሉ የከረሙት አለ፣ እሳት ተነሣ፣ በሰዋስው እንከን የለበትም፣ ባለቤቱ እሳት ነው፣ ራሱ ተነሥቶ ራሱ የበላ እሳት፣ ማንም ሳይጠራው፣ ለምርመራ የማይቀርብ ባለቤት፣ ደግሜ ብላቸው ያምኑኛል፣ አምነውኝ ያርፋሉ፣ ልጄም ያርፋል፣ ተ በአ ተተክቶ አንዲት ፊደል ከተጨመረች ግን፣ አስነሣ፣ ወዲያው ባለቤቱ ይቀየራል፣ ወዲያው ማን የሚል ይመጣል፣ አንዲት ሳድስ ፊደል፣ ስ፣ ድምፅ እንኳ የላትም፣ አላት፣ ፉጨት የመሰለች ድምፅ አላት፣ ምላሴ ላይ ናት።

እሳቱን ያስነሣው፣ ይላሉ መምህሩ፣ እናትየዋ ለመስማት ጎንበስ ይላሉ፣ ልጁ ደፉ ላይ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ልጄ ነው።