ራይቮ ያልፈተሸው ባሕር

ራይቮ ከመስጠም ይልቅ እንግዳ ፊት መዋረድን የሚፈራ ሰው ነበር። በየዓመቱ ግንቦት ላይ ፊንላንዶችና ላትቪያዎች ነፍስ አድን ጀልባዎቻቸውን ይዘው ለጋራ ልምምድ እሱ ነፍስ አድን ጀልባ ወደሚነዳበት የኢስቶኒያ መንደር ይመጣሉ። ካቻምናም አምናም ለልምምዱ ባሕር ላይ ጠፋ የተባለውን ሰው ቀድመው ያገኙት ፊንላንዶቹ ናቸው። አሸንፈው ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? "እናንተ ኢስቶኒያዎች ዓሣ ስታጨሱ ነው የሚያምርባችሁ" ብለው ሄዱ። ራይቮን ይህች ነገር የብርዱን ወራት ሙሉ ስትበላው ከረመች።

ዘንድሮ ጠፊውን ሆኖ ባሕር የሚገባው ዮውኮ የሚባል ፊንላንዳዊ ነው፤ ማረፊያውም ራይቮ ቤት ሆነ። ከእራት በኋላ ሳውና በሚሉት የእንፋሎት መታጠቢያ ውስጥ ላብ በላብ ሆነው ቢራ ሲጠጡ፣ ዮውኮ የሚጣልበትን ቦታ ሹክ አለው። ጥቁሩ ቋጥኝ አጠገብ ነበር።

"ሲርካ ብትሰማ ታርደኛለች" አለ እየሳቀ። "ግን ዓሣህን ጠግቤ በልቼ እንዴት ዝም ልበልህ?"

ሲርካ ልምምዱን ከወደብ ሆና የምትመራው የፊንላንዶቹ አለቃ ናት። ራይቮ እንዳልሰማ ሰው ምድጃው ላይ ውሃ ረጨ። መስማቱን ግን ሰምቷል።

በማግስቱ ባሕሩ ለሦስቱ አገር ጀልባዎች ተከፋፈለ፤ ቋጥኙ ያለበት ክልል ለራይቮ ደረሰው። ደንቡን ሁሉም ያውቀዋል። የተሰጠህን ክልል እንደ አራሽ ከዳር እስከ ዳር እየተመላለስህ ታያለህ፤ ስትጨርስ "ተፈትሿል" ትላለህ፤ አንዴ ይህን ካልክ ማንም ተመልሶ እዚያ አይፈልግም።

ራይቮ መች ሊመላለስ። ሞተሩን አስጓርቶ በቀጥታ ወደ ቋጥኙ ከነፈ። ዮውኮ ግን እዚያ የለም፤ ነፋሱ ዞሮ ወስዶታል። ይሄኔ ላትቪያዎቹ የእነሱን ክልል መጨረሳቸውን በሬዲዮ ሲናገሩ ሰማና ደሙ ፈላ።

"የእኔም ተፈትሿል፤ ማንም የለም" አለ።

ጀልባው ላይ አብራው የምትሠራው ኡርቬ ቀና ብላ አየችው።

ብዙም ሳይቆይ ጭጋግ ወረደ። ዮውኮን የጣለችው ጀልባ ቦታውን ላለማሳበቅ ርቃ ቆማ ስለነበር ከዓይኗ ጠፋ፤ ውሃ የማያስገባው የባሕር ልብሱ ላይ የታሰረው ጠቋሚ መሣሪያም ድምፁን አጠፋ። ሲርካ ልምምዱ መቆሙን፣ ከእንግዲህ ፍለጋው የምር መሆኑን በሬዲዮ ተናገረች። የተጣለበት ክልል ተፈትሾ ባዶ ከሆነ ነፋሱ አርቆ አውጥቶታል ማለት ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ወደ ሰፊው ባሕር እንዲወጡ አዘዘች።

ሰው ሊሞት ነው፣ ራይቮ ግን አሁንም እውነቱን ከመናገር ሹልክ ብሎ መመለስን መረጠ። ሰው ለስሙ ሲል እስከዚህ ይወርዳል። ጀልባውን አዞረ፤ ላትቪያዎቹ ወዴት ነው ብለው ሲጠይቁት ሞተሬ ግሏል አላቸው። ያን የሚያህል ክልል በጭጋግ ውስጥ አንድ ጀልባ ብቻዋን እንደማትጨርሰው ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ኡርቬ ሬዲዮውን ከመስቀያው አውርዳ እጁ ላይ አኖረችለት።

"ወይ አንተ ተናገር፣ ወይ እኔ ልናገር" አለችው።

ጀልባው ሁሉ፣ ወደቡም፣ ወደቡ ላይ የቆመው የመንደሩ ሰውም ይሰማል። የራይቮ ፊት እሳት ሆነ።

"ሲርካ፣ ራይቮ ነኝ። የእኔን ክልል አልፈተሽኩም። ሞተሩም አልጋለም። ዋሽቼ ነው። እባካችሁ ተመለሱ።"

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ሲርካ ግን "ሰምቻለሁ" ብቻ ብላ ሁሉንም መለሰችና ክልሉን እንደገና አከፋፈለች። ለእሱም እንደ ማንኛውም ሰው ድርሻ ሰጠችው፤ ያ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው። ራይቮ በዕድሜው እንደዚያን ቀን አድርጎ ባሕር ፈትሾ አያውቅም።

ዮውኮን ያገኙት ላትቪያዎቹ ናቸው። ልብሱ በአንገቱ በኩል ውሃ አስገብቶ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ፣ እንደ ግንድ ደርቆ ነበር፤ ግን ይተነፍሳል።

ወደቡ ላይ ትኩስ ነገር አጠጥተው በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ራይቮ ሲቀርብ ሰው መንገድ ለቀቀለት፤ ቀና ብሎ ያየው ግን የለም። ይቅርታ ሊጠይቅ በርከክ ሲል ዮውኮ ቀደመው።

"ጠዋት ባጠገቤ ስታልፍ ሰምቼሃለሁ" አለ ጥርሱ እየተንገጫገጨ። "ያኔ ውሃው ልብሴ ውስጥ መግባት ጀምሮ ነበር። ፊሽካዬን አፌ ውስጥ ይዤ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልነፋህም?"

"ያለሁበትን ታውቀው የለ፣ ዞረህ ትመጣለህ ብዬ ነዋ። ብነፋ፣ ተጠርቶ ነው ያገኘው ይሉሃል። እንግዳ ፊት ላዋርድህ አልፈለግኩም።"