ዲሹ ሳህን የተባለ ለት

በእነ የውብዳር ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ ወጥ መያዝ የጀመረው ባለቤቷ አቶ ልሳነወርቅ «ሳህን» ብለው ከጠሩት ቀን ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የሚያመጣው ምስልና ድምፅ ብቻ ነበር።

አቶ ልሳነወርቅ ዕድሜ ልካቸውን የጋዜጣ ጽሑፍ ሲያርሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የሚያርሙት ጋዜጣ ሲያጡ ቤተሰቡን ማረም ያዙ። በእሳቸው ቤት «ሪሞት» ያለ ሰው «የርቀት መቆጣጠሪያ» ብሎ እስኪያስተካክል ድረስ አይሰጠውም። እራት ላይ ልጃቸው ናሆም «ዲሹን ነፋስ አዙሮታል» ሲላቸው ጉርሻቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ሳህን ነው» አሉ። «ስም እያለው በሰው አገር ስም አንጠራውም።»

በማግስቱ ምስሉ ደበዘዘ። ናሆም ጣሪያው ላይ ወጥቶ ሲያይ ዲሹ ውስጥ ሩዝ፣ የተጋጠ አጥንትና የረጋ ስልስ አገኘ። ሩዙ ገና አልቀዘቀዘም።

«ማነው የደፋው?» አለች የውብዳር ከታች ሆና።

«ማንም አልደፋውም እማ። እየሞላ ነው።»

ቤቱ አራት ቴሌቪዥን አለው፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ የባልና ሚስቱ መኝታ ቤት፣ አንዱ ናሆም ክፍል፣ አንዱ ደግሞ የየውብዳር እናት እማማ አጸደ ታመው በተኙበት የጓሮ ክፍል። ሪሲቨሩ ግን አንድ ነው። ሳሎን የተከፈተውን ቤቱ ሁሉ ያያል፤ ለዓመታት የተጣሉትም በዚሁ ነው። አሁን ወጡም በሽቦው እየወረደ ከአራቱም ቴሌቪዥን ጀርባ እኩል ይንጠባጠብ ጀመር።

የሚመጣው እንደ ቻናሉ ነው። ኳስ ሲታይ የተነከሰ ሳንድዊችና አረፋው የጠፋ ቢራ ይመጣል። በአማርኛ የተተረጎመው የውጭ ድራማ ቅቤ የጠጣ ሩዝ አለው። ዜና ቀዝቃዛ ሾርባ ነው፤ አንዳንዴ ፀጉር አይጠፋውም። ናሆም ቻናል ሲያገላብጥ ሁሉም ይደባለቃል። ከሁሉም የሚከፋው አንዱም ያልተነካ አለመሆኑ ነበር። የሚመጣው ሁሉ ሌላ ሰው በልቶ የተወው ነው፤ ዳቦው ላይ የጥርስ ምልክት አለ፣ አንድ ቀንም ሊፕስቲክ የነካው ማንኪያ ወርዷል።

የውብዳር እንግዳ የጠጣበትን ብርጭቆ ሁለቴ ካላጠበች እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ናት። ጓንት አድርጋ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ የቴሌቪዥኖቹን ጀርባ በበረኪና ስትወለውል ትውላለች። ዝንቡ ግን አልለቅ አላት። በገዛ ቤቷ መቀመጥ ቀፈፋት። ባሏ የመጨረሻውን ክፍለ ቃል አጥብቀው «ሳህኑ» ባሉ ቁጥር ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጀርባ ጠብ የሚል ነገር ይሰማል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ዲሹን ያላወረደችው በእናቷ ምክንያት ነው።

እማማ አጸደ አልጋ ከያዙ ወዲህ ከልጃቸው እጅ እህል አልቀምስም ብለዋል። የየውብዳርን እጅ ሰፈሩ ሁሉ ይመሰክርለታል፤ ሠርግ ያለበት ሰው መጀመሪያ እሷን ነው የሚጠራው። እናቷ ግን ማንኪያዋን ሲያዩ አፋቸውን ይለጉማሉ። ሐኪሙም በዚህ ከቀጠሉ ክረምቱን እንደማይወጡ ሳይደብቅ ነግሯታል። ታዲያ አንድ ዓርብ ወደ ክፍላቸው ስትገባ፣ እማማ አጸደ ክንዳቸውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሰደው ጣታቸውን ሲልሱ አገኘቻቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው እማዬ?»

«እየበላሁ።»

«የሰው ትራፊ እኮ ነው።»

«ጨው አለው» አሉ።

«ዛሬ ዓርብ ነው። ሥጋ አለበት።»

«ከላይ የወረደ አያስገድፍም» ብለው ጣታቸውን መልሰው ሰደዱ።

በሳምንታት ውስጥ ጉንጫቸው ሞላ። ድምፃቸው ተመለሰ፤ ናሆምን «አንተ፣ ድራማው ላይ መልሰው፣ ቅቤ አማረኝ» ብለው ከጓሮ መጣራት ጀመሩ። የውብዳር ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አስጠላት። የማታውቀው ሰው ያኘከው የሚጣፍጣቸው፣ የእሷ የማይጣፍጣቸው ለምን እንደሆነ ስታስብ አንጀቷ ያርራል። ከጓሮው ክፍል በወጣች ቁጥር እስከ ክርኗ ትታጠባለች።

በዚያው ሰሞን አንድ ድርጅት በሰፈሩ ቴሌቪዥን በኬብል ማስገባት ጀመረ። ዳምጠው የሚባል ቴክኒሻን ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ወጥ የነካውን ሶፋ ጠረግ አድርጎ ተቀመጠ።

«በዲሽ ከቀጠላችሁ ለእያንዳንዱ ቴሌቪዥን ሪሲቨር መግዛት አለባችሁ» አለ። «ዝናብ ሲጥልም ይቋረጣል። በኬብል አንድ መስመር ነው የሚገባው፤ እዚህ ይከፋፈላል፣ ሁሉም የየራሱን ያያል።»

«ምግብ ያመጣል?» አለች የውብዳር።

«የእናንተ ወጥ ነው ወይስ ጭማቂ?»

«ወጥ።»

«ይቀራል» አለ ዳምጠው። «ኬብል ደረቅ ነው።»

ናሆም እናቱን ወደ ጓዳ ጠራት። «አያቴ ምን ልትበላ ነው?»

«ከእጄ ትበላለች።»

«እስካሁን በልታ አታውቅም።»

«ትራፊው ስለሚመጣላት ነው። ሲቋረጥባት ትበላለች» አለች። ይህን ስትል የምታምነው ግማሹን ነበር። ሌላው ግማሽ ጥላቻ ነው።

ኬብሉ ከመግባቱ በፊት ባሏን ለብቻ ያዘቻቸው።

«ልሳኔ፣ ይሄን ነገር ኬብል ትለዋለህ።»

«የአማርኛ ቃል እያለው…»

«አውቃለሁ። አትጥራው። ወጡን ስወለውል የኖርኩት እኔ ነኝ።»

አቶ ልሳነወርቅ እሬት የቀመሱ ያህል ፊታቸውን አኮማትረው «ኬብል» አሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባይቀናቸውም ቃላቸውን ጠበቁ፤ በጣም ሲብስባቸው «ያ ነገር» ይሉታል እንጂ ከዚያ አያልፉም።

ዲሹ ወረደ። ዳምጠው ልብሱን እንዳይነካው አርቆ ይዞ ወሰደው። ግድግዳው ተበስቶ ኬብሉ ገባ፤ ጥቁር፣ ንጹሕ፣ ምንም የማይሸት። ሳሎን ኳስ ሲታይ ናሆም ፊልም ያያል፣ አቶ ልሳነወርቅ መኝታ ቤት ሆነው የዜና አንባቢዎችን ያርማሉ። ዝንቡ ሄደ። የውብዳር ጓንቷን አወለቀች፤ ሶፋዋ ላይም እግሯን አጥፋ ተቀመጠች። በዚህ ቤት ይህን ያህል ደስ ብሏት አያውቅም።

እማማ አጸደ ግን ጣታቸውን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ እየሰደዱ ደረቁን ይልሳሉ። ጉንጫቸው እንደገና ጎደጎደ። የውብዳር መረቅ አመጣች፣ ገንፎ አመጣች፣ እንቁላል አመጣች፤ አፋቸውን እንደለጎሙ ነው። አንድ ከሰዓት አጥሚት ሠርታ፣ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ አልጋቸው ጫፍ ተቀመጠች።

«ደረቀ እኮ» አሉ እናቷ ቴሌቪዥኑን እያዩ።

«አሁን በሌላ ነው የሚመጣው እማዬ።»

«በምን?»

«በኬብል።»

«በምን?»

«በኬብል።»

«እሱ ደግሞ ምንድነው?» አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ልጃቸውን ቀና ብለው ያዩት አሁን ነበር። ማንኪያው አፋቸው አጠገብ ነው። አጥሚቱ እየቀዘቀዘ፣ እጇም እየዛለ ነው። አቶ ልሳነወርቅ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ነበር፤ የሚመጣውን አውቀው የገዛ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ገመድ ነው እማዬ» አለች የውብዳር። «ገመድ።»

«እንዲህ አትይኝም? ገመድማ አውቃለሁ» አሉና አፋቸውን ከፈቱ።

አጎረሰቻቸው። ዋጡ። እንደገና ከፈቱ።

ገመዱ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ወጣ። ወለሉን ተሻግሮ በአልጋው እግር ዞረ፣ የእማማ አጸደን የእጅ አንጓ ያዘ፣ ወረደና የየውብዳርን ቁርጭምጭሚት ጥጃ በሚታሰርበት አስተሳሰር አሰረ። አሁን ደረቅ አልነበረም። ለብ ያለ፣ ሌላ ሰው ሲልሰው የቆየ እርጥበት ነበረው። የውብዳር ቀፈፋት፤ ማንኪያውን ግን አልለቀቀችም።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ቀስ ብሎ ሳበ። አልጋው ተንቀሳቀሰ።

«ጨው አለው?» አለች የውብዳር።

«አለው» አሉ እናቷ። «ጨምሪልኝ።»

ከናሆም ክፍልም፣ ከመኝታ ቤቱም የአልጋ እግር ሲሚንቶ ላይ ሲጎተት ይሰማል። ሳሎን ሶፋው ይሄዳል። አቶ ልሳነወርቅ በሩ ላይ የሉም። ዳምጠው ግድግዳው ላይ የበሳው ቀዳዳ ትንሽ ጣት እንኳን የማያስገባ ነበር። እማማ አጸደ አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ፣ የውብዳርም አጥሚቱ እንዳይፈስባት ሳህኑን ከነማንኪያው በሁለት እጇ ይዛ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ወደ ቀዳዳው የሚሳበውን አልጋ ተከተለች።