ወይዘሮ እስክትተኛ

ጎረቤቶቼ አሳማዬን «ወይዘሮ» ይሏታል፤ በእኔ ላይ መቀለዳቸው ነው። እኔ ግን ከብዙዎቹ ይልቅ እሷን አከብራለሁ።

የፊት እግሯ ሰኮና አድጎ፣ ተጣሞ ሥጋዋን መውጋት ከጀመረ ወዲህ መርገጥ አቃታት። ልጄ «በቃ እማዬ፣ ትታረድ» አለ።

«አንተ ጉልበትህን ያመመህ ጊዜ እንደዚያ ብዬ ነበር?» አልኩት።

በመጨረሻ ተስማማን። ሰኮናው ከተቆረጠላት ትኖራለች፤ ካልሆነ አራጁ ይመጣል።

የመጣችው የእንስሳት ሐኪም ቦት ጫማዋ ከእሷ የሚከብድ ቀጭን ልጅ ናት። «ሌላ ሰው አጥተው ነው አንቺን የላኩት?» አልኳት።

«እማማ፣ እኔ አልታገላትም» አለች። «በገመድ ብንይዛት በድንጋጤ ልቧ ይደክማል። የሚያስተኛትን መድኃኒት በአፏ እንስጣት።»

በማግስቱ ጠዋት ተመልሳ መጣች፤ እንዳዘዘችኝ ከማታ ጀምሮ ለወይዘሮ ምግብ ከልክያታለሁ። ስትንገዳገድ እንዳይረግጧት ሌሎቹን አሳማዎች ወደ ጓሮ አውጥተናል። ሐኪሟ የደረቷን ዙሪያ በሜትር ለክታ ክብደቷን ገመተች፤ መድኃኒቱን በዚያው ልክ በተቀቀለ ዱባ ለወሰችው። ወይዘሮ ገንዳው እስኪያብረቀርቅ ላሰችው።

በጋጣው ደፍ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አልተኛችም። በሦስት እግሯ ቆማ ታየኛለች።

«ሰው ሥራ ፈቶ ሲጠብቅሽ አታፍሪም?» እላታለሁ። ጥቂት ቆይቶ ዐይኗ ይከደናል፣ ጭንቅላቷ ያዘነብላል። «ጎሽ፣ እንዲያ ነው» ስላት ትነቃለች።

ልጄ ሰለቸው። «ጨምሪላት» አላት ሐኪሟን።

«አልጨምርም። የበላችው ሆዷ ውስጥ ነው፤ የትም አልሄደም። ደግሜ ብሰጣት ሁለቱ አንድ ላይ ይይዟትና መተንፈስ ያቅታታል።»

«እንግዲያው አራጁን ልጥራው።»

«ዛሬ ቢመጣም ሥጋዋ አይበላም፤ መድኃኒት ገብቶበታል። መቼ እንደሚበላ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ልጄ «ዛሬ ካልሆነ ያን ጊዜ ይመጣል» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። እንደማይረሳው አውቃለሁ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። «እማማ፣ የሚቀሰቅሷት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ ነካኋት?»

«ድምፅዎ ነው። በተናገሩ ቁጥር ጆሮዋ ይቆማል፤ ምግብ የመጣ ይመስላታል። ወይ ዝም ይበሉ፣ ወይ ይውጡ።»

ልጄ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማዬን ዝም ካሰኘሽ እውነትም ሐኪም ነሽ።»

ሟቹ ባሌ እንኳ ደፍሮ ዝም በይ ብሎኝ አያውቅም። መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጥሩ መልስ ነበር። ግን ወይዘሮን አየኋት፣ ያን እግሯን አንጠልጥላዋለች። የሻሼን ጫፍ ነክሼ ባልዲ ገልብጬ ተቀመጥኩ።

«እማዬ» አለ ልጄ ሊያናግረኝ ፈልጎ በሹክሹክታ፣ «ጎረቤትሽ፣ ‹አሳማ ማሳደግ ከእኔ ነው የተማረችው› ትልሻለች።» ሻሹን አጥብቄ ነከስኩት። ሐኪሟ በዐይኗ ገሠጸችው።

ከዚያ በኋላ የሚሰማው የዝንቡና የጭዱ ድምፅ ብቻ ሆነ። ወይዘሮ ጉልበቷ ታጠፈ፤ በጎኗ ጋደም ብላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። ሐኪሟ አልቸኮለችም። ቆይታ ጆሮዋን ነካች፤ ወይዘሮ አልተንቀሳቀሰችም። እንዳትታፈን አፍንጫዋን ከጭዱ አወጣችላት፤ ልጄ የጎኗን መውጣትና መውረድ እንዲከታተል በእጇ አሳየችው። ከዚያ ቆረጠች። ያደገው ሰኮና እንደ ቀንድ እንደተጠማዘዘ ወደቀ። ቁስሉን አጥባ፣ መድኃኒት ቀብታ፣ እንዳይበርዳት ጆንያ ደረበችላት።

ስትነቃም፣ ድምፄን ሰምታ ሳትበረታ እንዳትነሳ፣ ለጊዜው መናገር ተከለከልኩ። በደንብ ሳትቆም ውኃም አይሰጣት፤ በደመ ነፍስ ስትጠጣ ወደ ሳንባዋ ይገባል አለችን በሹክሹክታ። ወይዘሮ ጭንቅላቷን አነሳች፣ ቆይታም ቁጢጥ አለች። ሐኪሟ ዐይኗን መረመረች።

«አሁን ይጥሯት፣ እማማ።»

ሻሹን ከአፌ አወጣሁ። «ተነሺ፣ አንቺ ሰነፍ» አልኳት።

ተነሳች። ያን እግሯን መጀመሪያ በሰኮናዋ ጫፍ፣ ቀጥሎ ሙሉውን መሬት ላይ አሳረፈችውና በአራት እግሯ ወደ እኔ መጣች።

ጆሮዋን አሸሁላት። ከዚያ ወደ ልጄ ዞርኩ፤ ብዙ የተጠራቀመ ነገር ነበረኝ።