የብራንት ሰደርያ አዝራሮች

ቨርና ዲትስ ወደ ከተማው ሙዚየም የገባችው ለጉብኝት ሳይሆን ለጠብ ነበር።

በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ያለችው ኬልስበርግ በደህናው ጊዜ የአገሩን ሸሚዝ ሁሉ የምትቆልፍ ከተማ ነበረች። ዛጎሉ ከወንዙ ይወጣል፣ ፋብሪካ ይበሳዋል፣ አዝራር ይሆናል፤ የተበሳሳው ቅራፊ ዛሬም የጓሮ መንገዷ ጠጠር ነው። የሙዚየሙ ኃላፊ፣ የባለፋብሪካው የልጅ ልጅ ሃርላን ብራንት፣ ለከተማዋ በዓል በሚከፈተው ትርኢት ይህን ሁሉ «የከተማችን አስደናቂ እውነታዎች» ብሎ ሰሌዳ ላይ ደርድሮታል። የዛሬ ስልሳ አምስት ዓመት የተደረገውን አድማ ግን ዘሎታል። አድማውን የመራችው የቨርና እናት ሎቲ ነበረች፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ በከተማው ሥራ የሚሰጣት አልተገኘም። ቨርና የመጣችው የእናቷን ስም ሰሌዳው ላይ ለማስጻፍ ነው።

«ወይዘሮ ቨርና፣ ይሄ የበዓል ዝግጅት ነው፤ የቂም መወጫ አይደለም» አላት ሃርላን።

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፣ ልጄ።»

ሃርላን ወሬ ለማስቀየር እንጨት ላይ የተሰቀለውን የአያቱን ሰደርያ አሳያት። ስድስቱን የዛጎል አዝራር አያቱ በገዛ እጃቸው እንደቆረጡት ነገራት። ቨርና ያን እጅ ታውቀዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ ዛጎል ያልቧጨረው፣ የጨዋ እጅ ነበር። ጎንበስ ብላ አንዱን አዝራር ጉንጯ ላይ አስነካችው። አዝራር ስትለይ የኖረች የኬልስበርግ ሴት ሁሉ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ ዛጎል በኃይለኛ ሙቀትም ይቀዘቅዛል፣ ፕላስቲክ ግን አይቀዘቅዝም።

«ፕላስቲክ ነው» አለችው።

የሃርላን ፊት ቲማቲም መሰለ። የድሮዎቹ ጠፍተው በሌላ መተካታቸውን አመነ፣ የሎቲን ስም ግን አልጽፍም አለ። «ሕዝቡ ማንን የሚያምን ይመስልዎታል? እኔን ወይስ የአድመኛን ልጅ?»

ቨርና ቤቷ ተመለሰች። ንዴቷን ይዛ ለምታውቃቸው የድሮ የፋብሪካ ሴቶች ሁሉ ስልክ ደወለች።

በመክፈቻው ቀን ሠላሳ አንድ አሮጊቶች የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ፤ ሁሉም በፋብሪካው አዝራር ሲለዩ የኖሩ ናቸው። ጋዜጣው የሰደርያውን ፎቶ ቀድሞ አውጥቶታልና ሃርላን ሊደብቀው አልቻለም። ሴቶቹ ተሰልፈው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚሳለም ሰው አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ ጉንጫቸውን አስነኩት። ቀና ሲሉ ሃርላንን ብቻ አይተውት ያልፋሉ። ከንቲባው ምን እየሆነ እንደሆነ መጠየቅ ጀመሩ።

አሥራ አንደኛዋ ስትጎነበስ ሃርላን ቀለምና ብሩሽ ይዞ ወደ ቨርና መጣ።

«የእናትዎ ስም እንዴት ነው የሚጻፈው?» አላት በሹክሹክታ።

«አያትህ አድመኞቹ ሥራ እንዳይሰጣቸው ብሎ ለየፋብሪካው የበተነው ዝርዝር ላይ አለልህ» አለችው። «እሱ አንድም ፊደል አልሳተም።»