ጀርባው መሬት የነካ ዕለት

አቤት ድምፅ! ዘርፉን የማያውቅ ሰው «አዳማን አውቃታለሁ» አይበል። ከመናኸሪያው ጀርባ ካለችው ዓሣ ቤቷ በር ላይ ቆማ «የቆቃ ትኩስ!» ስትል፣ የሐረር አውቶቡስ ተሳፋሪ በመስኮት አንገቱን ያወጣል። ዓሣው እንጀራዋ ነው፤ ድምፁን ግን እግዜር የሰጣት ለዓሣ አልነበረም። ለጫምሳ ነበር።

ጫምሳ የወለንጪቲ ልጅ ነው፤ ትግለኛ። በዚያ ሜዳ የትግሉ ሕግ አጭር ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ፣ አለቀ። ከሕጉ ጋር ግን አንዲት ልማድ አለች። የጣለው ሰው የወደቀውን እጁን ይዞ ያነሣዋል፤ ከዚያ ያዞረውና በራሱ መዳፍ የጀርባውን አቧራ ሦስት ጊዜ ያራግፍለታል። አቧራው ሳይራገፍለት ከሜዳ የወጣ ሰው ውድቀቱን ተሸክሞ ነው ቤቱ የሚገባው ይላሉ። በዚህ የተነሣ ሁለት ሰፈር ተደባድቦ ያውቃል። ስለዚህ ጣዩ የቱንም ያህል ቢናደድ ያራግፋል።

ጫምሳ ሰባት ዓመት ሙሉ አራገፈ። የሞጆን የከባድ መኪና ሹፌር፣ የቆቃን ዓሣ አጥማጅ፣ የመተሐራን አገዳ ቆራጭ፣ ሁሉንም ጥሎ ሁሉንም አራግፏል። የእሱን ጀርባ ያራገፈ ግን የለም። ወድቆ አያውቅማ!

ዘርፉ እንዴት እዚያ ሜዳ እንደደረሰች ልንገራችሁ። ባሏ «ጅቡቲ ደርሼ ልምጣ» ብሎ በዚያው የቀረ ጊዜ፣ ዓመት ሙሉ ከሰው ጋር በሹክሹክታ ነበር የምታወራው። ደንበኛ እንኳ «ምን አልሽኝ?» እያለ ጆሮውን ያስጠጋ ነበር። አንድ እሑድ የተጠበሰ ዓሣ ልትሸጥ ወለንጪቲ ሄደች። ዘንቢሏን ሳታወርድ፣ ያኔ ጎረምሳ የነበረው ጫምሳ ቁም ሳጥን የሚያህል ጫኝና አውራጅ ወገቡን ይዞ ብድግ ሲያደርግ አየች። ብድግ አድርጎ አልወረወረውም፤ እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን አልጋ ላይ እንደሚያስተኙት ቀስ አድርጎ በጀርባው አስተኛው። «አጃኢብ!» ብላ ጮኸች። ሜዳው ሁሉ ዞሮ አያት። እሷ ራሷ ክው አለች፤ ድምፄ አለ እንዴ? አለ። ከዚያ ወዲያ ዝም ብላ አታውቅም።

የደጋፊ አጨፋሪ ሆነች። ፊሽካዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከፊት ትቆማለች፣ ባጃጅ ነጂው ቶሌራ ከበሮውን ይደልቃል፣ እሷ ታወጣለች፤

«የጫምሳን ጀርባ ማን ያውቀዋል?»

ሕዝቡ ይመልሳል፤ «ሸሚዙ ብቻ ያውቀዋል!»

ጫምሳም ሊጥል ሲል ሁልጊዜ ዓይኑን ወደ ሕዝቡ ልኮ እሷን ይፈልጋታል። ካያት በኋላ ነው የሚጥለው። ይህን ከሁለቱ በቀር ማንም አያውቅም።

እንግዲህ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ባለፈው ጥቅምት ጫምሳ ትግል አቆመ ተባለ። ተጎድቶ ነው? አይደለም። አርጅቶ ነው? ገና በሃያ ዘጠኝ ዓመቱ! የቴሌቪዥን ድራማ ሊሠራ ነው። ቶሌራ ወሬውን ሲሰማ ባጃጁን መሀል መንገድ ላይ አቆመ። «ከዳን! ወላሂ ከዳን! እኔ ከበሮ ስመታ እጄ ሲላጥ የኖርኩት፣ እሱ ፊቱን ዱቄት እንዲቀባ ነው?»

ዘርፉ ግን «ልጅ ነው፣ ይመለሳል» እያለች ሁለት ወር ጠበቀች። ከዚያ ጫምሳ ስልክ ደወለላት።

«እትዬ ዘርፉ፣ ድራማው ላይ ትግለኛ ሆኜ ነው የምጫወተው። መጨረሻ ላይ እወድቃለሁ። ቀረጻው ወለንጪቲ ነው፤ ተመልካች ከሌላ ቦታ እናምጣ ሲሉ እምቢ አልኳቸው። የምወድቀው በእናንተው ፊት ነው። ሰው ሰብስቢልኝ።»

ዘርፉ ስልኩን ዘጋችበት። ምጣዱ ላይ የነበረውን ዓሣ አሳረረችው። ሰው መሰብሰቡንስ ሰበሰበች፤ መቶ ሃምሳ ሰው! ነገር ግን ሲመክሩ ያመሹት ሌላ ነበር። «ጀርባውን ለመሬት ከሰጠ እኛም ጀርባችንን እንሰጠዋለን» አለ ቶሌራ። እሱ ሲወድቅ ዘርፉ ፊሽካውን ትነፋለች፣ መቶ ሃምሳው ሰው ባንዴ ዞሮ ጀርባውን ይሰጠዋል፤ ካሜራው እያየ። በዚያ አገር ሕዝብ ጀርባውን የሰጠው ሰው እናቱ ደጅ እንኳ ቀና ብሎ አይገባም። ዘርፉም ይህን እያወቀች «እሺ» አለች። አንጀቷ አሯል እኮ!

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሁሉም ሜዳው ላይ ተገኘ። የአዳማ ነፋስ ወለንጪቲ ድረስ ተከትሏቸው አቧራውን ያስነሣዋል። ጫምሳ ገና ሲያያት ከግራሩ ሥር ተነሥቶ መጣ፤ እውነትም ዱቄት ተቀብቷል።

«አኩርፈሽኛል፣ እትዬ?»

«የሚኮረፈው የቀረበ ሰው ነው» አለችው። ከዚያ አልቻለችም። «ማን ጣለህ? እስቲ ንገረኝ፣ ማን ጣለህ? ማንም ሳይነካህ፣ ተነሥተህ ልትወድቅ?»

ጫምሳ አቀረቀረ። «ስንት ሰው እንዳራገፍኩ ታውቂያለሽ? ዘጠና አራት። ሳራግፋቸው ጀርባቸው ይንቀጠቀጣል፣ እትዬ። ያ የሞጆ ሹፌር፣ ያ ዝሆን የሚያህለው ሰውዬ፣ እጄ ሥር እንደ ጫጩት ነበር የሚንቀጠቀጠው። እናንተ ለእኔ ስትዘፍኑ እኔ የማስበው ስለ እነሱ ነበር። ምንድን ነው የሚሰማቸው? ይህን ሳላውቅ ላረጅ ነው።»

«እንደዚያ ከሆነ አንድ እሑድ በእውነት አትወድቅም ነበር?»

«አንቺ ፊት?» አላት፤ ዓይኑ እንባ አቀረረ። «የጣልኳቸው ሁሉ ተሰብስበው ቢመጡብኝ አልፈራም። ሰባት ዓመት የፈራሁት አንድ ነገር ነው፤ የአንቺ ድምፅ ዝም እንዳይል።»

ዘርፉ ፊሽካዋን ጨብጣ ወደ ሰዎቿ ተመለሰች።

የድራማው አዘጋጅ ሸዋወርቅ የምትባል ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ናት፤ ድምፅ ማጉያ ይዛ ገመድ አስወጠረች። «ከዚህ ገመድ ማንም አያልፍም! ጣዩ እጁን አንሥቶ ይወጣል። ጫምሳ ብቻውን ተነሥቶ፣ በእናንተ ፊት አልፎ ይሄዳል። እናንተ ዝም።»

ከሕዝቡ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። «ማን ነው የሚያራግፈው?»

«ምኑን፣ አባባ?»

«አቧራውን ነዋ!»

«እሱን አታስቡ፤ ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ በፎጣ ትጠርገዋለች» አለች ሸዋወርቅ። ሰዉ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። በፎጣ!

ጣዩን ደግሞ ብታዩት! ይትባረክ ይባላል፤ መልከ መልካም ነው፣ ክንዱ ግን ሸንበቆ። ቶሌራ ወደ ዘርፉ ጆሮ ጠጋ ብሎ «ይኼን እኔ ከነባጃጄ አነሣዋለሁ» አላት።

በመጀመሪያው ቀረጻ ጫምሳ ሲወድቅ ይትባረክ ራሱ አብሮ ወደቀ። ቶሌራ ወደ ዘርፉ ዞረ። ራሷን ነቀነቀች፤ «ይኼ መውደቅ አይደለም፣ ለዚህ ፊሽካ አላባክንም።» በሁለተኛው ይትባረክ ሳቀ። በሦስተኛው ነፋሱ የሸዋወርቅን ጃንጥላ ይዞ ሄደ። በእያንዳንዱ መሀል ልጅቷ ፎጣዋን ይዛ ትሮጣለች፣ ጫምሳ ጀርባውን ይሰጣታል፣ ሕዝቡ ያጉረመርማል። ዘርፉ በየጊዜው «አልሆነም፣ ገና ነው» ትላለች። ሰባት ዓመት ትግል ያየ ዓይን ዝም ብሎ አይታለልም።

አምስተኛው ላይ ግን አንድ ነገር አየች። የይትባረክ እጅ ጫምሳን አላነሣውም። ጫምሳ ነው በእግሩ ጣቶች ተነሥቶ፣ ወገቡን በልጁ ክንድ ላይ አስደግፎ፣ የራሱን ክብደት ራሱ ተሸክሞ አየር ላይ የወጣው። በቀኝ እጁ ደግሞ ማንም ሳያይ ልጁ እንዳይንገዳገድ ደግፎ ይዞታል። ስድስተኛው ላይ ዘርፉ ፊሽካዋን ረሳችው። ሰባተኛው ላይ አፏን በእጇ ጫነች። ይህ ሸንበቆ የሚያህል ልጅ ዓይኗ እያየ ግዙፍ ሆነ! ትከሻው ሰፋ፣ አንገቱ ወፈረ፣ የሚያስፈራ ሰው ሆነ። ያን ሁሉ ያደረገው ጫምሳ ነው፤ ጉልበቱን አውጥቶ ለሌላ ሰው አልብሶት። መጣል ይህን ያህል አስቸግሮት አያውቅም። የፈጣሪ ያለህ፣ እንዲህም ይቻላል እንዴ? ወዙ ዱቄቱን አጥቦ አገጩ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሱ ግን «አንዴ ልድገመው» ይላል።

ዘጠነኛው መጣ።

ተያያዙ፣ ተናነቁ፣ ዞሩ። ጫምሳ እንደ ድሮው ዓይኑን ወደ ሕዝቡ ላከ። ፈለጋት፤ አገኛት። የዘርፉ ልብ ድው አለ፤ አሁን ሊጥለው ነው! ሁልጊዜ ካያት በኋላ ነዋ የሚጥለው። ጫምሳ አያት፣ አያት፣ ከዚያ ዓይኑ ውስጥ የነበረው እልህ ቀስ ብሎ ለቀቀው። ተነሣ። ወደቀ። ጀርባው መሬት ሲመታ ድምፁ በእግሯ በኩል ተሰማት።

ከመቶ ሃምሳው ሰው መሀል ድራማ መሆኑን ያስታወሰ አንድም ሰው አልነበረም። ቶሌራ ከበሮው ላይ እጁን አሳርፎ አፉን ከፍቷል። ከዚያ እንደምንም ነቃና «እትዬ! አሁን! ፊሽካው!» አላት በሹክሹክታ። ዘርፉ ፊሽካውን ከንፈሯ ላይ አደረገች።

ይትባረክ እጁን አንሥቶ፣ ዞሮ ሄደ። ሳያነሣው፣ ሳያራግፈው! ጫምሳ ተንበርክኮ ቆየ፤ ተነሣ፤ ብቻውን መራመድ ጀመረ። በፊታቸው ሲያልፍ ያ ሰባት ዓመት ማንም አቧራ ያላየበት ጀርባ ታየ። ከአንገቱ እስከ ወገቡ አቧራ ነው። ይንቀጠቀጣል።

ፊሽካው ከዘርፉ ከንፈር ወደቀ። ካሜራ የሚባል ነገር፣ ገመድ የሚባል ነገር ከልቧ ጠፋ። አንድ ሰው ወድቋል፣ አቧራው አልተራገፈለትም፣ ቤቱ ሊገባ ነው። እንዴት ተደርጎ! ገመዱን በእግሯ ረግጣ አልፋ ከኋላው ደረሰች፤ ያ ዓሣ ሲገፍፍ የኖረ ሻካራ መዳፏን ጀርባው ላይ አሳረፈች።

አንድ ጊዜ አራገፈች። ሁለት ጊዜ። ጫምሳ ባለበት ቆመ፤ አልዞረም። ሦስተኛው ላይ እጇን አላነሣችውም።

«አወቅኸው?» አለችው ቀስ ብላ።

«አወቅሁት፣ እትዬ» አላት፤ ያለቅስ ነበር። «ከባድ ነው።»

ሸዋወርቅ ድምፅ ማጉያውን አንሥታ ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ መልሳ ዘጋችው። ካሜራው እየቀረጸ ነው። ዘርፉ ቀና ስትል መቶ ሃምሳ ጥንድ ዓይን እሷ ላይ ነው፤ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዝምታው አስፈራት። የእሱም ፍርሃት ይኸው እንደነበር ትዝ አላት። ሌላ የምታውቀው ነገር ስላልነበረ፣ የለመደ አፏ ራሱ ተከፈተ፤

«የጫምሳን ጀርባ ማን ያውቀዋል?»

ካለችው በኋላ ነው ያመለጣት ነገር የገባት። መልሱ ፈርሷል። ሸሚዙ ብቻ አይደለም የሚያውቀው፤ መሬትም አውቆታል፣ ሕዝብ ሁሉ እያየ። ማንም አልመለሰም። ሰዉ ወደ ቶሌራ ዞረ። ቶሌራ ጥርሱን ነክሶ መሬት መሬቱን ያያል። ቁጣውን ያውቁታል፤ አሁን ጀርባውን ቢያዞር ሁሉም ተከትሎት ይዞራል።

ቶሌራ ከበሮውን አንድ ጊዜ መታው። ከዚያ ጮኸ፤

«የዘርፉ መዳፍ ያውቀዋል!»

መቶ ሃምሳው ሰው ተቀበለው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ከመዳፏ ሥር የነበረው ጀርባ መንቀጥቀጡን ተወ።